ያለ እንደራሴ ሕግ ማውጣት፦ የበይነመረብ ድምፅ የሚችለውና የማይችለው

ገንዘብ በስልክ የሚላክበት፣ የመብራት ሒሳብ በስልክ የሚከፈልበት ዘመን ላይ ከደረስን፣ በየጥቂት ዓመቱ ተሰልፎ አንድን ሰው ወደ ምክር ቤት መላክና ከዚያ በኋላ በሕዝብ ስም የሚወጣውን ሕግ ሁሉ ከሩቅ ሆኖ መስማት ለምን ያስፈልጋል? ረቂቅ ሕጉ በቀጥታ ወደ ዜጋው ስልክ ይምጣ፤ ዜጋው አንብቦ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ይበል፤ ድምፁ ተቆጥሮ ሕጉ ይጽደቅ ወይም ይውደቅ፤ እንደራሴውም ወደ ቤቱ ይሂድ። በይነመረብ ከተስፋፋ ወዲህ በብዙ አገሮች የሚነሣው ይህ ሐሳብ ቀላልና ማራኪ ነው። ከጉቦ፣ ከፓርቲ ትእዛዝና ከተረሳ የምርጫ ቃል የተሰላቸ ሰው ሁሉ ጆሮውን ቢሰጠው አያስገርምም። ሐሳቡ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም፤ በከፊልም ቢሆን በተግባር የተሞከረባቸው ቦታዎች አሉ፣ ከእነርሱም ብዙ መማር ይቻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ጥቂት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ተሰብስበው ሕግ የሚያወጡበት ሥርዓት የውክልና ዴሞክራሲ ይባላል። ሕዝቡ ራሱ በሕጉ ላይ የሚወስንበት ደግሞ ቀጥተኛ ዴሞክራሲ ነው። ሕዝበ ውሳኔ ማለት በአንድ ተለይቶ በቀረበ ጥያቄ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት አጋጣሚ ሲሆን፣ የውክልና ሥርዓት ባለባቸው አገሮችም አልፎ አልፎ ይካሄዳል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሳይቀር በአንቀጽ 8 ሉዓላዊነት በተመረጡ ተወካዮችም በቀጥታ ተሳትፎም እንደሚገለጽ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 2012 የሲዳማ ሕዝብ በሻፌታና በጎጆ ምልክቶች መካከል የመረጠበት ሕዝበ ውሳኔ ለአንባቢ ቅርብ ምሳሌ ነው። ያ ግን የአንድ አካባቢን የአስተዳደር ደረጃ የሚወስን፣ በአንድ ቀን የተቋጨ ጥያቄ ነበር። አሁን የምንነጋገርበት ሐሳብ ከዚያ በእጅጉ ይሰፋል፤ በጀቱ፣ የንግድ ሕጉ፣ የወንጀል ሕጉ፣ ከውጭ አገር ጋር የሚደረገው ውል ሁሉ ያለ ምክር ቤት በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ይቅረብ የሚል ነውና።

የሐሳቡ የመጀመሪያ ችግር የሚታየው ድምፅ የሚሰጥበትን ሕግ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ነው። አንድ የቤት ኪራይ ሕግ እንውሰድ። የዓመቱ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ስንት ይሁን? ጣሪያው አዲስ የተሠራን ቤትም ይመለከታል ወይስ ነባሩን ብቻ? አከራዩ ቤቱን ለልጁ ቢፈልገው ተከራዩን በስንት ወር ማስጠንቀቂያ ማስወጣት ይችላል? ክርክሩን ፍርድ ቤት ይየው ወይስ ወረዳው? ሕጉን የጣሰ ምን ይቀጣል? እያንዳንዱ ጥያቄ በርካታ መልሶች አሉት፤ የአንዱ መልስም የሌላውን ይለውጣል፤ ጣሪያው ዝቅ ካለ የማስወጫው ደንብ መጥበቅ አለበት፣ አለዚያ አከራዩ ተከራይ በመቀያየር ጣሪያውን ያልፈዋል። ረቂቁ በምክር ቤት ውስጥ ወደ ቋሚ ኮሚቴ የሚመራው፣ ባለጉዳዮች ተጠርተው የሚሰሙትና አንቀጾች አንድ በአንድ የሚሻሻሉት ለዚህ ነው። ስልኩ ላይ ያሉት ግን ሁለት ቁልፎች ናቸው። «ጣሪያው ጥሩ ነው፣ ቅጣቱ ግን በዝቷል» የሚል ዜጋ የሚጫነው ቁልፍ የለውም። ስለዚህ እንደራሴውን አሰናብተን ስናበቃ፣ ጥያቄውን ማን ይጽፋል የሚለው ጉዳይ ሳይመለስ ይቀራል፤ ይህን ጉዳይ ያልመለሰ የቀጥታ ድምፅ ዕቅድ ሥልጣንን ከተመረጠ ሰው ወስዶ ላልተመረጠ ጸሐፊ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

በአገር ደረጃ ሕዝብን ደጋግሞ ድምፅ በማስጠት ከስዊዘርላንድ የሚስተካከል የለም። ዜጎቿ በዓመት እስከ አራት ጊዜ በፌዴራል ጉዳዮች ላይ ድምፅ እንዲሰጡ ይጠራሉ፤ የካንቶናቸው፣ ማለትም የክልላቸው፣ እና የከተማቸው ጉዳይም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዕለት ይጨመርበታል። የ1848 ሕገ መንግሥት ራሱ ያለ ሕዝብ ድምፅ እንዳይሻሻል በር ዘግቷል። በ1874 ሕዝቡ ምክር ቤቱ ያወጣውን ተራ ሕግ የሚያስቆምበት መንገድ፣ በ1891 ደግሞ ራሱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያቀርብበት መንገድ ተጨመረ። ሆኖም ይህች አገር 200 አባላት ያሉት የሕዝብ ምክር ቤትና 46 አባላት ያሉት የካንቶኖች ምክር ቤት አላት፤ አንዱንም አልዘጋችም። የሕዝቡ ድምፅ የተገጠመው በምክር ቤቱ ላይ ነው፤ በአንድ በኩል እንደ ፍሬን፣ በሌላ በኩል እንደ ጅራፍ ሆኖ ይሠራል።

ፍሬኑ እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ ሕጉን አጽድቆ ካወጣ በኋላ 100 ቀን ይጠበቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 50,000 ዜጎች ተቃውመው ከፈረሙ ሕጉ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል፤ ካልፈረሙ በሥራ ላይ ይውላል። አብዛኞቹ ሕጎች ፊርማ ሳይሰበሰብባቸው ያልፋሉ። ይህን አይቶ ፍሬኑ ሥራ ፈቷል የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሳይረገጥ ነውና። ሕግ አርቃቂው 50,000 ፊርማ ማሰባሰብ የሚችል ማኅበር፣ ፓርቲ ወይም ካንቶን እንዳለ ስለሚያውቅ፣ ረቂቁን ገና ከመጀመሪያው ለእነርሱ ልኮ አስተያየታቸውን ይጠይቃል፣ የሚያስቆጣውን አንቀጽ ያለዝባል። ሕዝቡ ድምፅ ሳይሰጥ በሕጉ ውስጥ እጁ አለበት ማለት ነው።

ጅራፉ ደግሞ 100,000 ፊርማ በ18 ወር ውስጥ ያሰባሰበ ቡድን የራሱን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያቀርብበት መንገድ ነው። ጽሑፉን የሚጽፈው ቡድኑ ራሱ ነው፤ ምክር ቤቱ ቃሉን መለወጥ አይችልም፣ ካልወደደው ግን አማራጭ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ጎን ለጎን ማቅረብ ይችላል። እንዲጸድቅም የመራጩ ሕዝብ አብላጫ ብቻ ሳይሆን የካንቶኖችም አብላጫ ያስፈልጋል። እስካሁን ለድምፅ ከቀረቡት ያለፉት ከአሥሩ አንድ ያህል ናቸው። ሕዝብ ሁልጊዜ ለራሱ የሚጣፍጠውን ብቻ ይመርጣል ለሚል ሰው የ2012 ድምፅ ጥሩ መልስ ነው፦ ለሠራተኛ ሁሉ በዓመት ስድስት ሳምንት የክፍያ ዕረፍት ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው መራጭ ኢኮኖሚውን ይጎዳል ብሎ ጣለው። ሕዝብ ተሳስቶ አያውቅም ለሚል ሰው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። የአገሪቱ ሴቶች በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1971 ነው። በ1959 ጥያቄው ሲቀርብ ድምፅ የነበራቸው ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በሰፊ ልዩነት ውድቅ አደረጉት። በ2009 ደግሞ በአገሪቱ ያሉት የመስጊድ ሚናሬቶች አራት ብቻ ሆነው ሳለ፣ መንግሥትና ምክር ቤቱ እንዳይጸድቅ እየመከሩ፣ 57.5 በመቶ መራጭ አዲስ ሚናሬት እንዳይሠራ በሕገ መንግሥት ከለከለ። ድምፅ የሌለው ወይም ቁጥሩ ያነሰ ወገን በብዙኃኑ ፊት ምን ዋስትና አለው የሚለው ጥያቄ በቀጥታ ድምፅ አይፈታም፤ እንዲያውም ይብሳል፤ እንደራሴ ቢያንስ ከአናሳው ወገን ጋር ነገ በሌላ ጉዳይ ድርድር እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ሕዝቡ «አዎ» ካለም በኋላ ሥራው አያልቅም። በየካቲት 2014 ስዊዘርላንዳውያን የውጭ ዜጎች ፍልሰት በኮታ እንዲገደብ በ50.3 በመቶ ወሰኑ። ውሳኔው ግን አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ከገባችው የሰዎች ነፃ ዝውውር ስምምነት ጋር ይጋጭ ነበር። ስምምነቱ ይፍረስ ወይስ ኮታው ይለዝብ የሚለውን መመለስ የነበረበት ምክር ቤቱ ሲሆን፣ በ2016 መጨረሻ ኮታ የሌለበትና ለአገር ውስጥ ሥራ ፈላጊ ቅድሚያ የሚሰጥ ለዘብ ያለ ሕግ አወጣ። ኮታውን የደገፉ ተቆጡ፤ ቁጣቸውም መሠረት ነበረው። ነገር ግን ምክር ቤት ባይኖር ኖሮ የሚጋጩትን የሕዝብ ውሳኔና ስምምነት ማን ያስታርቃቸው ነበር?

ሌላም አለ። ከድምፁ ጥቂት ሳምንታት በፊት እያንዳንዱ መራጭ ጥያቄውን፣ የመንግሥትን አቋምና የተቃዋሚውን ወገን ክርክር የያዘች ትንሽ ቀይ መጽሔት በፖስታ ይደርሰዋል። በ2016 ባለትዳሮች ካላገቡ ጥንዶች የበለጠ ግብር የሚከፍሉበትን አድልዎ ለማስቀረት የቀረበ ሐሳብ በ50.8 በመቶ ተቃውሞ ወደቀ። መጽሔቷ በአድልዎው የሚጎዱትን ሁለቱም ሠራተኛ የሆኑ ጥንዶች 80,000 ብላ ነበር፤ በኋላ ግን መንግሥት ራሱ ቁጥሩ 454,000 ገደማ እንደሆነ አመነ። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2019 ድምፁን ሰረዘው፤ በዘመናዊቱ ስዊዘርላንድ አገር አቀፍ ድምፅ በፍርድ ቤት ሲሰረዝ የመጀመሪያው ነበር። እንግዲህ የመቶ ዓመት ልምድና ገለልተኛ ፍርድ ቤት ባለበት አገር እንኳ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ይህን ካደረገ፣ ረቂቅ ሕግ በየሳምንቱ ስልክ ላይ ሲመጣ ማብራሪያውን የሚጽፈውን ክፍል ማን ይቆጣጠረዋል?

የዚህ ጥያቄ መልስ የጎደለበትን ውጤት ለማየት ወደ ጣሊያን መሻገር ይገባል። የአምስት ኮከብ ንቅናቄ የተባለው ፓርቲ «በይነመረብ ፖለቲከኛን ይተካል» በሚል መንፈስ ተወልዶ በ2018 ምርጫ 32.7 በመቶ ድምፅ በማግኘት የአገሪቱ ትልቁ ፓርቲ ሆነ። ከ2016 ጀምሮ አባላቱ «ሩሶ» በተባለ የበይነመረብ መድረክ ላይ ዕጩዎችን ይመርጡ፣ በረቂቅ ሕጎች ላይ አስተያየት ይሰጡ፣ በታላላቅ የፓርቲው ውሳኔዎች ላይ ድምፅ ይሰጡ ነበር። በመስከረም 2019 ከተቀናቃኙ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጋር መንግሥት ይመሥረት ወይስ አይመሥረት የሚለው ለአባላት ቀርቦ ወደ 80,000 ሰዎች ድምፅ ሰጡ፣ 79.3 በመቶውም ደገፉ። ስድሳ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር የመንግሥቷን ዕጣ የአንድ ፓርቲ ተመዝጋቢ አባላት በስልካቸው ወሰኑላት ማለት ነው፤ ወደዱትም ጠሉትም፣ ከዚያ በፊት በአውሮፓ በዚህ መጠን ያልታየ ነገር ነበር።

በየካቲት 2021 ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የታጨው ማሪዮ ድራጊ የሚመሠርተውን መንግሥት ስለ መደገፍ የቀረበው ጥያቄ ግን ሊጠና ይገባዋል። አባላቱ የተጠየቁት በአጭሩ «ድራጊን ትደግፋላችሁን?» ተብለው አልነበረም። ጥያቄው የሥነ ምህዳር ሽግግርን የሚመራ ትልቅ ሚኒስቴር የሚያቋቁም፣ ንቅናቄው ያስመዘገባቸውን ዋና ዋና ውጤቶች የሚጠብቅ መንግሥትን ትደግፋላችሁን ብሎ ጀምሮ የድራጊን ስም በመጨረሻ ላይ ነበር ያነሣው። 59.3 በመቶው «አዎ» አሉ። ያን ጥያቄ ያረቀቀ ሰው በውጤቱ ላይ ከብዙ ሺህ መራጮች የበለጠ ተጽዕኖ እንዳለው ለመረዳት የሕግ ትምህርት አያስፈልግም።

መድረኩን የሚያስተዳድረውም ፓርቲው አልነበረም፤ ያልተመረጠው ዳቪዴ ካሳሌጆ የሚመራው ማኅበር ነበር። የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2019 ማኅበሩን 50,000 ዩሮ ሲቀጣ፣ ሥርዓቱ የድምፅን ምስጢራዊነትና አለመነካካት በበቂ ሁኔታ እንደማያረጋግጥ ገልጿል። በ2021 ፓርቲውና ማኅበሩ በገንዘብና በሥልጣን ተጣልተው ሲለያዩ ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነገር ተከሰተ፦ የአባላቱ ዝርዝር በማኅበሩ እጅ ስለነበረ ፓርቲው የራሱን አባላት መጥራት አቃተው፣ ዝርዝሩም እንዲመለስለት የመረጃ ጥበቃው ባለሥልጣን ትእዛዝ መስጠት ነበረበት። የምክር ቤት አፈ ጉባኤ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ቢሄድ በር ይሰበራል፤ የመራጭ መዝገቡና ሰርቨሩ በአንድ ድርጅት እጅ ሲሆን ግን የሚሰበር በር የለም።

ወደ ቴክኒኩ ስንመጣ፣ «ባንክ በስልክ ከሆነ ድምፅስ?» የሚለው ንጽጽር የሚሳሳተው በአንድ ቁልፍ ነጥብ ላይ ነው። ባንኩ ማን፣ መቼ፣ ለማን፣ ስንት እንደላከ ያውቃል፤ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ስሕተት ሲገኝ መዝገቡ ታይቶ ገንዘቡ ይመለሳል። የድምፅ ሥርዓት ግን የዚህን ተቃራኒ ይጠየቃል። ማን ድምፅ እንደሰጠ መመዝገብ አለበት፣ ምን እንደመረጠ ግን ማንም ማወቅ የለበትም፤ መራጩም ቢሆን ምን እንደመረጠ ለሌላ ሰው የሚያሳይበት ደረሰኝ ሊኖረው አይገባም፣ ደረሰኝ ካለ ድምፅ ይሸጣል፣ አሠሪም ሠራተኛውን «አሳየኝ» ይለዋል። በወረቀት ድምፅ ይህ ችግር የተፈታው በኮሮጆው ነው። ስምህ ከመዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ወረቀቱ ስም የለበትም፤ ኮሮጆው አፍ ላይ ሲደርስ በአንተና በድምፅህ መካከል ያለው ክር ይበጠሳል። የየፓርቲው ታዛቢዎችም ኮሮጆው ባዶ ሆኖ ሲታሸግና ተከፍቶ ሲቆጠር በዓይናቸው ያያሉ። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 የድምፅ መስጫ ማሽኖችን አጠቃቀም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል የሰጠው ምክንያት ይህንኑ ይመለከታል፦ የምርጫው ዋና ዋና ደረጃዎች ልዩ የቴክኒክ ዕውቀት በሌለው ተራ ዜጋ ሊመረመሩ ይገባል።

ባለሙያዎች ክሩን በሒሳብ ለመበጠስ ሲደክሙ ኖረዋል፤ ብዙም ተጉዘዋል። በምሥጠራ የታሸጉት ድምፆች ከመፈታታቸው በፊት ቅደም ተከተላቸው እንዳይታወቅ እንደ ኮሮጆ ይናወጣሉ፤ ናዋጩ ኮምፒውተርም አንድም ድምፅ እንዳልቀየረ የሚያሳይ የሒሳብ ማረጋገጫ ያቀርባል። የስዊዘርላንድ ፖስታ ድርጅት እንዲህ ያለ ሥርዓት ሠርቶ በ2019 መጀመሪያ የውስጥ ኮዱን (ሶፍትዌሩ የተጻፈበትን መመሪያ) ገልጦ፣ በዓለም ያሉ ሰርጎ ገቦች እንዲፈትኑት ሽልማት አዘጋጅቶ ጋበዘ። በመጋቢት ወር ኮዱን ያነበቡ ተመራማሪዎች ማረጋገጫው ቀዳዳ እንዳለው አሳዩ፤ ሥርዓቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው ድምፆቹን ለውጦ ትክክለኛ የሚመስል ማረጋገጫ ማቅረብ ይችል ነበር። ድርጅቱ ሥርዓቱን ከአገልግሎት አወጣው። እንደ እኔ እይታ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወሰዳል፦ ኮዱ ባይገለጥ ኖሮ ቀዳዳው ሳይታወቅ መቆየቱ፣ ቀዳዳውንም ማየት የሚችሉት በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች መሆናቸው። ወረቀት ለመቁጠር ግን ማንበብ መቻል ብቻ ይበቃል።

የበይነመረብ ድምፅ ከ2023 ጀምሮ በጥቂት ካንቶኖች እንደገና ተጀምሯል፣ በጥንቃቄ ግን ነው፤ በአገሪቱ ካለው መራጭ ከ10 በመቶ በላይ፣ በአንድ ካንቶን ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ እንዲጠቀምበት አይፈቀድም። እያንዳንዱ መራጭ ኮዶች የታተሙበት ወረቀት በፖስታ ይደርሰዋል፤ ድምፁን ሲልክ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ኮድ ከወረቀቱ ጋር ያስተያያል፤ በስልኩ ውስጥ የተደበቀ ቫይረስ «አዎ»ን «አይ» አድርጎት ከሆነ ኮዶቹ አይገጥሙም። የዲጂታሉ ድምፅ አስተማማኝነት በመጨረሻ በፖስተኛው ትከሻ ላይ መውደቁ ፈገግ ያሰኛል።

ኢስቶኒያ በሌላ መንገድ ሄዳለች። ከ2005 ጀምሮ ዜጎቿ በዲጂታል መታወቂያቸው ከቤታቸው ይመርጣሉ፤ በ2023 የምክር ቤት ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ የሆነው በበይነመረብ ነበር። ባል ወይም አለቃ አጠገብ ቆሞ ቢያስገድድስ ለሚለው ሥጋት መልሳቸው ድምፅን መልሶ መስጠት ነው፤ መራጩ የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢለውጥ የመጨረሻው ይቆጠራል፣ ወደ ጣቢያ ሄዶ በወረቀት ከመረጠ ደግሞ ወረቀቱ ይበልጣል። ዘዴው ብልህ ነው። ለአራት ዓመት አንድ ጊዜ ምርጫ ይበቃ ይሆናል፤ በየሳምንቱ በሚመጣ ሕግ ላይ ግን ተጽዕኖ ያለበት ሰው በየሳምንቱ ተደብቆ ድምፁን ሲያስተካክል መኖር አለበት። ደግሞም በ2017 ከ750,000 በላይ የኢስቶኒያ መታወቂያዎች ላይ የምሥጠራ ጉድለት ተገኝቶ በጥድፊያ ተጠግነዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢስቶኒያውያን በበይነመረብ የሚመርጡት ምንድን ነው? እንደራሴዎችን ነው፤ 101 መቀመጫ ያለው ምክር ቤታቸው እንደቆመ ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ምክር ቤት የንባብን ሸክም የሚያከፋፍል ተቋም ነው፤ የጤናውን ረቂቅ አንዱ ኮሚቴ፣ የግብሩን ሌላው ያነባል። ሸክሙ ለእያንዳንዱ ዜጋ በሙሉ ሲሰጥ አብዛኛው ሰው ያስቀምጠዋል። በስዊዘርላንድ በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ተጠርቶ እንኳ በአማካይ ድምፅ የሚሰጠው ከግማሽ በታች ነው። ያልመጣው ሁልጊዜ ያው ሰው ስላልሆነና የሚነካው ጉዳይ ሲመጣ ስለሚመጣ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። በየሳምንቱ ሲሆን ግን ሳይታክት የሚቀረው ጊዜ ያለውና ጥቅም ያለው ነው። የጀርመን የባሕር ወንበዴዎች ፓርቲ፣ ስሙ እንዲህ ቢሆንም በ2011 በበርሊን 15 መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ነው፣ ለዚህ መፍትሔ ብሎ አባሉ ድምፁን በጉዳይ በጉዳዩ ለሚያምነው ሰው የሚያውስበት፣ ሲፈልግም የሚነጥቅበት ሶፍትዌር ተጠቀመ። ሐሳቡ ከሁሉም ይልቅ የተዋጣለት ይመስለኛል። በተግባር ግን ብዙ ውክልና በጥቂቶች እጅ ተከማቸ፤ አንድ የቋንቋ ጥናት ፕሮፌሰር ምንም ሹመት ሳይኖረው በፓርቲው ውስጥ ኃያል ከሆኑት አንዱ ሆነ። እንደራሴው በበሩ ወጥቶ በመስኮት ተመለሰ ማለት ነው፤ አዲሱ እንደራሴ ግን ደመወዝም፣ የሥራ ጊዜም፣ ተጠያቂነትም አልነበረውም።

ገንዘብን በሚመለከት የካሊፎርኒያን ታሪክ ማንሣት በቂ ነው። በ1978 መራጩ «ፕሮፖዚሽን 13» በሚባለው ድምፅ የቤትና የመሬት ግብር ከተገመተው ዋጋ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር አደረገ። በ1988 ደግሞ ያው መራጭ ከግዛቱ በጀት ትልቅ ድርሻ ለትምህርት ቤቶች እንዲመደብ አስገደደ። ሁለቱም ለየብቻቸው ሲታዩ የሚወደዱ ናቸው፤ አንዱ ገቢን ሲያስር ሌላው ወጪን ማሰሩን የሚያሳይ ሦስተኛ ጥያቄ ግን በድምፅ መስጫው ላይ አልነበረም። በ2020 ደግሞ በስልክ የሚጠሩ መኪኖችን ሹፌሮች እንደ ተቀጣሪ ላለመቁጠር የቀረበውን ሐሳብ ለማሳለፍ ኩባንያዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ፣ አሸነፉም። እንደራሴን መግዛት እንደሚቻል ሁሉም ያውቃል፤ የሕዝብን ጆሮም መከራየት ይቻላል።

እንዲህ ሲባል ሕዝብ ራሱ ሕግ መጻፍ አይችልም ማለት አይደለም። በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል ባለችው፣ 40,000 ያህል ሕዝብ ባላት ግላሩስ ካንቶን ውስጥ ዜጎች በግንቦት ወር የመጀመሪያ እሑድ በአደባባይ ተሰብስበው ባለ ቀለም ካርድ ከፍ አድርገው ሕግ ያጸድቃሉ። ረቂቆቹ አስቀድመው በየቤቱ ይደርሳሉ፤ በዕለቱም ማንኛውም መራጭ መድረክ ላይ ወጥቶ «ይህ አንቀጽ እንዲህ ይሻሻል» ማለት ይችላል፣ ማሻሻያው እዚያው ለድምፅ ይቀርባል። ካርዱን ጎረቤት ያያል፤ ምስጢር የለም፤ የካንቶኑ መሪ አብላጫውን በዓይኑ ገምቶ ነው የሚያውጀው። ስልኩ የሚሰጠውን ምስጢርና ምቾት አደባባዩ አይሰጥም፤ አደባባዩ የሚሰጠውን ማሻሻያና ክርክር ደግሞ ስልኩ እስካሁን አልሰጠም። በግንቦት 2006 የካንቶኑ መንግሥት 25ቱን የአካባቢ አስተዳደሮች ወደ 10 የሚያጥፍ ዕቅድ ይዞ ወደዚያ አደባባይ መጣ። አንድ ዜጋ ወጥቶ አሥርም ይበዛል፣ ሦስት ይሁኑ አለ፤ የባለሥልጣናቱ ረቂቅ ያላሰበውን ይህን ማሻሻያ ሕዝቡ አጸደቀው። ደንግጠው ያልተቀበሉ ነበሩና ጉዳዩ በኅዳር 2007 በልዩ ስብሰባ እንደገና ቀረበ። የሚቃወመውም የሚደግፈውም በብርድ ወጥቶ ተከራከረ፣ ካርዱን አነሣ፤ ሦስቱ በሰፊ አብላጫ ጸኑ። ግላሩስ ከ2011 መጀመሪያ አንሥቶ የምትተዳደረው በእነዚያ ሦስት አስተዳደሮች ነው።